ቀርከሃውን የጠረግሁ ዕለት

ዘመኑን በውል አላስታውሰውም። ባጃጅ ከቆሰበር ወደ እኛ መንደር መውጣት የጀመረበት ሰሞን ይመስለኛል። ትናንት የልብስ ሳጥኑን ስከፍት አውራ ጣት የምታህል ጠርሙስ እጄ ገባች፤ ክዳኗን ባሸተው የአልኮሉ ሽታ ዛሬም አለ። ያን ጊዜም ራሴ ሸብቶ ነበር፤ ግን እንደ አጥፊ ልጅ መቀመጫ አጥቼ ዋልሁ።

አንዲት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሸረሪት ፍለጋ መጥታ፣ ከጓሯችን ቀርከሃ ውስጥ የምስር ፍሬ የማታህል አገኘች። በማጉያ መነጽሯ አሳየችኝ፤ ስምንት ዓይን በሁለት ረድፍ፣ ማር የመሰለ እግር፣ ጀርባዋ ላይ ነጭ ሰረዝ።

«አባባ፣ ይቺን የመሰለች የታየችው ኬንያ ተራራ ላይ ነው። ዳንግላ ፈለግሁ፣ አዘና ፈለግሁ፣ የለችም። ግን ያችው ትሁን ሌላ ዘር የሚለየው በወንዱ ነው፤ ከአፉ አጠገብ ሁለት እብጠት አለው። ነገ ጠዋት እሱን ፈልጌ ከሰዓት በሚኒባስ እሄዳለሁ።»

በማግስቱ ጤዛው ሳይረግፍ ተነሣሁ። እንግዳ ናት፣ ድር ፊቷን እንዳይነካት ብዬ ቀርከሃውን ከዳር እስከ ዳር ጠረግሁት።

መጥታ ቆመች። «አባባ፣ ድሮቹ የት ሄዱ? ወንዱ እኮ ከሴቷ ድር ዳር አይርቅም።»

«ነፋስ ይሆናል፣ ልጄ» አልኋት።

አጎንብሳ መፈለግ ጀመረች። እኔ ቁጭ እላለሁ፣ እነሣለሁ፣ አጥሩ ጋ ደርሼ እመለሳለሁ። ቀርከሃው ሲንሿሿ እንኳ እኔን የሚያማ መሰለኝ። ፀሐይዋ ከፍ አለች። የሚኒባሱ ሰዓት ቀረበ።

ባለቤቴ ወጥታ አየችኝ። «አንተ ሰውዬ፣ ጉንዳን ገባብህ?»

በሹክሹክታ ነገርኋት። ሳቋን ዋጥ አድርጋ ድምጿን ከፍ አደረገች። «ነፋሱ መጥረጊያ ይዞ ሲዞር አይቼዋለሁ። ጥራጊውን የት እንደደፋውም ይንገራት።»

«እኔ ነኝ፣ ልጄ» አልሁ አንገቴን ደፍቼ። «ያከበርሁሽ መስሎኝ ነው።»

ጥራጊው ሊቃጠል አጥሩ ሥር ተከምሯል። ባለቤቴ የበዓል ነጠላዋን አምጥታ ጭቃው ላይ ዘረጋችው፤ ጥራጊውን በእፍኝ እያነሣች አራገፈችበት። ቅጠል፣ ትቢያ፣ የተጠቀለለ ድር። ሦስታችንም ተንበርክከን ብዙ ቆየን። ከዚያ አንድ ቡናማ ነጥብ ተንቀሳቀሰ፤ ከፊቱ ሁለት ጥቋቁር እብጠቶች ተሸክሟል።

«ራሱ ነው» አለች ተማሪዋ።

ስትሄድ፣ ሸረሪት በአልኮል ከምታስቀምጥባቸው ጠርሙሶች አንዷን ለማስታወሻ ሰጠችኝ። «ጽሑፌ ላይ የረዳኝን ሰው አመሰግናለሁ። የእርስዎን ስም ላስገባ?»

«የእኔን ተይው» አልኋት።

ነጠላው ሳጥኑ ውስጥ አለ፤ ጭቃው ቢታጠብም አልለቀቀም። ባለቤቴ ካረፈች ሁለት ክረምት ሆነ። ቀርከሃውን ከዚያ ወዲህ ጠርጌው አላውቅም። ያን ቀን ለተማሪዋ ያስጻፍሁት የባለቤቴን ስም ነው፤ ጥሩነሽ።