እትዬን ፊልም ያሳየሁበት ቀን

ታላቅ እህቴ፣ እትዬ፣ ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ሆስፒታል ውስጥ ስልክ ስታገናኝ ኖራለች። ዶክተሮቹን በድምፃቸው ታውቃቸዋለች፤ የትኛው ከሚስቱ ጋር ተጣልቶ እንደመጣ ገና «ሄሎ» ሲል ይገባታል። ዓይኗ ቀስ በቀስ ደክሞ ጨርሶ ከጠፋ በኋላ እንኳ ቁልፎቹን በጣቷ እየዳበሰች እስከ ጡረታዋ ሠርታለች። አሁን የምትኖረው እኛ ቤት ነው። እኔ ቤት ቀለም ቀቢ ነኝ። «ከእጅህ ይልቅ ምላስህ ይሠራል» ትለኛለች።

ምላሴን ግን ትፈልገዋለች፤ ፊልም የምታየው በእኔ ነው። ሲኒማ ቤት ስንገባ ሰው እንዳንረብሽ የመጨረሻው ረድፍ ጥግ ላይ እንቀመጣለን። እጇን ክንዴ ላይ ታሳርፋለች፤ ጨበጥ ስታደርገኝ ስክሪኑ ላይ ያለውን በጆሮዋ እነግራታለሁ። ቀለም ላይማ ማን ይደርስብኛል? «ሰማያዊ ነው» ብዬ አላልፍም። «የልጆቹን ክፍል የቀባሁበት ሰማያዊ ላይ አንድ ማንኪያ ጥቁር ጠብ አድርጊበት» እላታለሁ። ወዲያው ይገባታል።

ዓይኗ ደህና በነበረ ጊዜ እየደጋገመች ያነበበችው አንድ የሳይንስ ልብ ወለድ አለ። ሩቅ ፕላኔት ላይ ብቻዋን ሬዲዮ ከፍታ፣ የጠፋች የጠፈር መርከብ ድምፅ የምትጠብቅ ሴት ታሪክ ነው። «ይቺ እኔ ነኝ፤ ልዩነታችን እሷ ላይ ዶክተር አለመጮሁ ነው» ትል ነበር። መጽሐፉ ፊልም ሆነ ሲባል የሰማች ቀን «ታሳየኛለህ» ብላ ያዘችኝ፤ እስኪመጣም ቀን ስትቆጥር ከረመች። ቅዳሜ ከሰዓት ሄድን።

ታሪኩን አበላሽተውታል። ሬዲዮ ጠባቂዋን ሽጉጥ አስታጥቀዋታል፤ ከየት እንደመጣ የማይታወቅ፣ ወሬው የማያልቅ ፍቅረኛም ጨምረውላታል።

«ሽጉጡ ለማን ነው? ብቻዋን አይደለች እንዴ?» አለችኝ እትዬ በሹክሹክታ። ሳቄን አፈንኩት። እስከዚያ ድረስ ሥራዬን በደንብ እየሠራሁ ነበር።

ከዚያ መርከቧ መጣች። ንግግር የለም፤ ከሩቅ የሚሰማ ጉርምርምታ ብቻ። ከበረዶው ሜዳ ጀርባ ሦስት ብርቱካንማ ጨረቃዎች ተራ በተራ ወጡ። በረዶው መጀመሪያ ሐምራዊ ሆነ፣ ቀጥሎ ስም የማላወጣለት ሌላ ነገር ሆነ። ሠላሳ ዓመት ቀለም ስበጠብጥ እንደዚያ ያለ ወጥቶልኝ አያውቅም። መርከቧ ያለችኮላ ትወርዳለች፤ እኔ አፌን ከፍቼ ቀርቻለሁ።

እትዬ ክንዴን ጨበጥ አደረገችኝ። ትንሽ ቆይታ ደገመችኝ። እኔ ምን አደረግኩ? እጇን አንስቼ ጭኗ ላይ መለስኩላት። ዝንብ እንደማባረር ነበር፤ ዓይኔን እንኳ ከስክሪኑ አልነቀልኩም።

ወደ ልቤ ስመለስ መርከቧ አርፋለች። እትዬ ፊቷን ወደ ስክሪኑ አቅንታ ተቀምጣለች። እጇን ወደ ክንዴ አልመለሰችውም። ደነገጥኩ። የቀረውን ሁሉ፣ ተኩሱንም፣ የዚያን ለፍላፊ ፍቅረኛ ኮት ሳይቀር አንሾካሾክኩላት። «እሺ» ትለኛለች፣ «እሺ»።

ቤት ስንደርስ ባለቤቴ «እንዴት ነበር እትዬ?» አለቻት።

«ታሪኩን ገድለውታል» አለች እትዬ ሶፋው ላይ ተደላድላ። «የመርከቧ አመጣጥ ግን ልብ ይነካል። ሁለት አረንጓዴ ጨረቃዎች አሉ። በመሃላቸው ሰንጥቃ ትመጣለች፤ በረዶው እንደ ጠርሙስ ያበራል።»

የምትናገረው የመጽሐፉን ገጽ ነበር፤ በቃሏ ነው የምታውቀው። በሆስፒታሉ ስልክ ትናገርበት በነበረው በዚያ በተረጋጋ ድምፅ አንድም ቃል ሳትዘል አወረደችው።

«ወንድሜ ምንም አላስቀረብኝም» ብላ ጨረሰች። ባለቤቴ በአድናቆት አየችኝ። ጎንበስ ብዬ የጫማዬን ክር መፍታት ጀመርኩ። ያን ጊዜ መናገር ነበረብኝ፤ ምስጋናውን ግን ዋጥ አደረግኩት።

አንድ ሳምንት እንደምንም ቻልኩት። በስምንተኛው ቀን ክፍሏ ገባሁ፤ አልጋዋ ላይ ልብስ እያጣጠፈች ነበር።

«እትዬ፣ ያን ፊልም ደግመን እንየው። መርከቧ ስትመጣ ያልነገርኩሽ ነገር አለ» አልኳት።

የሸሚዙን እጅጌ ፈልጋ አገኘችና ወደ ውስጥ አጠፈችው።

«ምን ያደርጋል» አለች፣ «አይቼው የለ።»