ምንጩ ያልታወቀ ኩርፊያ

እማማ ካውያ ይህን ቅጽል ያገኙት ከእጃቸው ከማይጠፋው የብየዳ ካውያ ይሁን ከጠባያቸው፣ የሬዲዮ ጥገና ቤቱ ደንበኞች እስካሁን አልተስማሙም። ሁለቱም ሲነኳቸው ያቃጥላሉ። ሠላሳ ስምንት ዓመት ሬዲዮ ሲፈቱና ሲገጥሙ ኖረዋል። ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህም ከጠረጴዛው ጀርባ ሁለቱ ወንበሮች እንዳሉ ናቸው።

አንድ ቀን ግን እሳቸው ራሳቸው ነደዱ። ቴክኒክ ትምህርት ቤት የገባችው የመጨረሻ ልጃቸው አዲሱን የኤሌክትሮኒክስ ቃላት መጽሐፍ ይዛ መጣችና እየሳቀች አነበበችላቸው።

«ኩርፊያ፦ መሣሪያው አንዴ እየሠራ አንዴ ዝም የሚልበት ብልሽት። የቃሉ ምንጭ፦ ያልታወቀ።»

«ምን? ድገሚው እስቲ!»

ደገመችላቸው።

«ያልታወቀ? እኔ እዚህ ቁጭ ብዬ?»

ነገሩ እንዲህ ነው። በተጋቡ በዓመታቸው ባልና ሚስት ተጣሉ፤ በምን እንደሆነ ዛሬ እማማም አያስታውሱትም። ሦስት ቀን ሙሉ ጎን ለጎን ተቀምጠው ሲሠሩ አንዲት ቃል አልተነፈሱም። በሦስተኛው ቀን ባልን አንድ ሬዲዮ አስቸገራቸው። ሲመቱት ይናገራል፣ ሲያስቀምጡት ይዘጋል። ሚስት ታግሰው ታግሰው አልሆነላቸውም፤ ሬዲዮውን ነጥቀው የላላውን ሽቦ እያሳዩ «ኩርፊያ ነው! እንደኔ!» ብለው ጮኹ። ባል እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። ከዚያ ወዲያ ቃሉ በየጥገና ቤቱ ዞሮ ዞሮ ይኸው መጽሐፍ ገባ። ከዚያ ሳቅ ለእማማ ካውያ የቀረቻቸው ይህች ቃል ብቻ ናት፤ እሷንም ወላጅ አልባ አደረጉባቸው!

በማግስቱ ትምህርት ቤቱ ድረስ ሄዱ። መጽሐፉን ያዘጋጀው መምህር ወንበር ስቦ አስቀመጣቸው። ትሕትናው ራሱ አናደዳቸው።

«እማማ፣ እኔ አምንዎታለሁ። ግን የጽሑፍ ማስረጃ ያስፈልጋል። ሁለተኛው እትም ደግሞ ሰኞ ማተሚያ ቤት ይገባል።»

«ቃሉን ከአፋችን ስትወስዱት ማስረጃ ጠይቃችሁናል?»

ይህን ሲሉ ያ ሬዲዮ ትዝ አላቸው። ሟቹ ከጠገኑት ዕቃ ሁሉ የጀርባ ክዳን ውስጥ፣ ብልሽቱን የጻፉበት ቁራጭ ወረቀት ይለጥፉ ነበር። ያን ሬዲዮ ያመጣው ደንበኛ ሳይመለስ ቀርቶ ዕቃው መደርደሪያ ላይ አርጅቷል። የተጠገነ ነገር መነካካት ስለማይወዱ እማማ ካውያ አንድም ቀን ከፍተውት አያውቁም።

ዓርብ ጠዋት በፌስታል ይዘውት ተመለሱ። መምህሩ ፊት አራቱን ብሎኖች ፈቱና ክዳኑን ገለበጡት። ወረቀቱ ቢጫ ሆኗል፣ ጽሑፉ ግን ይነበባል። መምህሩ ጎንበስ ብሎ አነበበው።

«ብልሽቱ፦ ኩርፊያ። ያገኘችው፦ እሷ። ዛሬ አናገረችኝ።»

እማማ ካውያ እንባ ባቀረረ ዓይናቸው እያዩ ወረቀቱን በጣታቸው ዳሰሱት። መምህሩ መነጽሩን አስተካከለ።

«ማስረጃስ ማስረጃ ነው፤ ግን ስም የለውም። ‹እሷ› ማን እንደሆነች በምን ይታወቃል?»

እንባቸው ሳይወርድ ደረቀ። ከመምህሩ ደረት ኪስ እስክሪብቶውን መዘዙ፣ ጠረጴዛው ላይ የነበረውን የቃላት መጽሐፍ ወደ ራሳቸው ሳቡና «ያልታወቀ» የሚለውን ገጹ እስኪቀደድ ሰረዙት። ከጎኑ በትልቁ «እሷ» ብለው ጻፉ።

«እሷ እኔ ነኝ» አሉት። «ሰኞ እንዲህ ሆኖ ይታተማል።»