ለሙሽሮች የመጣ ግንድ

ልጄን ዲመን ከተማ በተከራየነው አዳራሽ ስድር ያላጣራሁት ነገር አልነበረም። ወጡን ቀምሻለሁ፣ ሚዜዎቹን አሰልፌ ከራቫታቸውን አስተካክያለሁ። ሳላጣራ የቀረሁት አንድ ግንድ ብቻ ነበር።

ሙሽራው የኦስትሪያ ተራራ ልጅ ነው። አባቱ ከገዛ ጫካቸው የቆረጡትን ግንድ መኪና ላይ ጭነው ሁለት ቀን ነድተው መጥተዋል። ልጄ ቀደም ብላ "ፓፓ፣ ስለ ግንዱ ላስረዳህ" ስትለኝ "ግድየለሽም፣ ለእኔ ተይው" ብዬ አቋርጫት ነበር። ነገሬ ሁሉ እንደዚያ ነው። ከስምንት ዓመቷ ጀምሮ ከማዘጋጃ ቤቱ፣ ከሄሜንተ የሚመጣውን ደብዳቤ ያነበበችልኝ፣ በስልክ "አባቴ እንዲህ ይላል" እያለች ስለ ቤታችን የተከራከረችልኝ እሷ ናት። እኔ ደግሞ ውለታዋን የምመልሰው መንገዷ ላይ ያለውን ጠጠር ሁሉ እየለቀምኩ ነው።

ከምሳ በኋላ ግንዱን መቆሚያ ላይ አጋደሙት፤ ባለ ሁለት እጀታ መጋዝም መጣ። መድረክ መሪው "አሁን ሙሽሮቹ ይህን ይቆርጣሉ" አለ። ደሜ ፈላ። በእኛ ወግ ሙሽራ ውሃ እንኳ ራሷ አትቀዳም፤ የእኔ ልጅ በቬሎ እንጨት ልትቆርጥ ነው? እኔ ሞቻለሁ እንዴ?

"ሚዜዎች!" አልኩ።

አራቱም ኮታቸውን ወረወሩ። ሁለቱ ሮተርዳም ወደብ መጋዘን ውስጥ አብረውኝ የሚሠሩ ጎረምሶች ናቸው። ልጄ "ኔ፣ ፓፓ፣ ኔ! ተው!" ስትል ድምፅዋን የእኛ ሰዎች እልልታ ዋጠው። ሚዜዎቹ እየተቀባበሉ በሦስት ደቂቃ ግንዱን ለሁለት ከፈሉት። እኔም እንደ አሸናፊ እጄን አነሳሁ።

ከዚያ ወደ ሙሽራው ወገን ዞር አልኩ። የሙሽራው አባት የቢራ ብርጭቆ አፋቸው ሳይደርስ ቆሟል። ልጄ ኩሏ ወርዶ ወደ እኔ መጣች።

"አብረን የምንሠራው የመጀመሪያ ሥራችን ነበር" አለችኝ። "የጉልበት ነገር አይደለም። አንዱ ሲስብ ሌላው ይለቃል ወይ፣ ሰው የሚያየው እሱን ነው። ሦስት ሳምንት ስንለማመድ ነበር፣ በአንተ ፓሌት! ፓፓ፣ አንተ ሁሌ... አህ፣ ላት ማር፣ ተወው።"

ለካ ያ ከሥራ ቦታ አስፈቅጄ ያመጣሁላት ፓሌት፣ የዕቃ መጫኛው የእንጨት ርብራብ! ኢንዲሸ ቡርት ሰፈር ለተከራዩት ቤት ጓሮ ለአበባ የፈለገችው መስሎኝ ነበር። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

ያዳኑኝ የሙሽራው አባት ናቸው። ሁለቱን ቁራጭ ዞረው አዩ፤ ረጅሙን በጫማቸው ነካ ነካ አደረጉና መልሰው መቆሚያው ላይ አጋደሙት። ከዚያ ለእኔ ወንበር አመጡ። የጋራ ቋንቋ ስለሌለን በጣታቸው ብቻ አሳዩኝ። ተቀመጥኩ። ባለቤቴ ከኋላዬ የኮቴን ጫፍ ጨብጣ "ብትነሳ ወየውልህ" አለች።

ልጄና ባሏ ጀመሩ። እሷ ስትስብ እሱ ይለቃል፤ እሱ ሲስብ እሷ ትለቃለች። ግማሽ ላይ ሲደርሱ መጋዙ እንጨቱ ውስጥ ተነክሶ እንቢ አለ። ልጄ ቀና ብላ አየችኝ። ጉልበቴ ራሱ ተነሳ፤ ኮቴ ሲሳብ ተመልሶ ተቀመጠ። ባሏ አንድ ነገር አላት፣ ሳቀች፣ ትንሽ ወደ ኋላ መለሱትና እንደገና ሳቡ። ሚዜዎቹን ሦስት ደቂቃ የፈጀው እነሱን ሩብ ሰዓት ፈጀባቸው። እንደዚያ ሩብ ሰዓት የደከመኝ ሥራ ወደብ ላይ ሠርቼ አላውቅም።

ግንዱ ዱብ አለ። ልጄ ቬሎዋ ላይ ሰጋቱራ እንደተነሰነሰ፣ ከባሏ ጋር መዳፏን እያየች ወደ እኛ መጣች። ውሃ ቋጥሯል። ልጅ ሳለች እጇን ሲያማት የምትዘረጋው ለእኔ ነበር፤ እፍ እልላታለሁ፣ ይድናል። ከንፈሬን አሞጥሙጬ ተዘጋጀሁ።

እጇን ለባሏ ዘረጋችለት። እፍ አለላት።

ከፋኝ፤ ደስም አለኝ። የያዝኩትን ትንፋሽ ቀስ ብዬ ለቀቅኩት። ባለቤቴም ኮቴን ለቀቀችው።