ከላሊበላ ይዤው የመጣሁት ጸበልና የእሑዱ ጥሪ

ታሪኬን ከመጀመሬ በፊት ማን እንደሆንሁ ልናገር፤ እዚህ አገር የሚጠይቀኝ ሰው የለምና። እኔ አያሌው ነኝ። ላሊበላ ገበያ ገብታችሁ «አያሌው ራዲዮ» ካላችሁ፣ ሰው ሁሉ እጁን ዘርግቶ ሱቄን ያሳያችኋል። ትምህርት ቤት የዋልሁት ሦስት ዓመት ብቻ ነው። ቀሪውን ያስተማረኝ አንድ የተሰበረ ራዲዮ ነው። ፈታሁት፣ ገጠምሁት፣ ደግሞ ፈታሁት፤ በአራተኛው ተናገረ። ከዚያ ወዲህ ከሙጃ በበቅሎ፣ ከኮን በሰው ትከሻ የመጣ ራዲዮ ሳይናገር ከእጄ ወጥቶ አያውቅም። ቴፑን፣ ቴሌቪዥኑን፣ ዲሹን፣ የቤተ ክርስቲያኑን ድምፅ ማጉያ፣ በኋላም ሞባይሉን ማንም ሳያሳየኝ ሠርቻለሁ። ዲፕሎማ የያዙ ልጆች ያቃታቸውን ዕቃ በጓሮ በር ያመጡልኝ ነበር። ብኮራ አያሳፍርም።

ከአገሬ የወጣሁት ጥምቀት ባለፈ በሳምንቱ ነው። ልጄ ሰናይት ካናዳ ውስጥ ዊኒፔግ በሚባል ከተማ ነርስ ናት። ለእኔም ለእናቷም ወረቀት ልትጀምር ስትል ባለቤቴ ጥሩወርቅ እምቢ አለች። ከግቢያችን በር ላይ ሆኖ የአሸተን ማርያም ተራራ ይታያል፤ እሷም በየማለዳው ወደዚያ ዞራ ትሳለማለች። «ይህን ትቼ የማን ግድግዳ ልሳለም ነው?» አለች። እኔ ግን ዓለምን ማየት አማረኝ። ዕድሜ ልኬን ራዲዮ ውስጥ የሰማኋቸውን አገሮች አንዱን እንኳ በዓይኔ ሳላይ መሞት አልፈለግሁም።

«ይሂዱ፤ አልከለክልዎትም» አለችኝ በመጨረሻ። «ግን በየእሑዱ ፊትዎን ያሳዩኝ። ድምፅ ብቻ አይበቃኝም።»

«በዚህ በኩል አትስጊ» አልኋት። «ይሄ የእኔ ሥራ ነው።»

የምሄድ ዕለት ሊነጋጋ ሲል ሻንጣዬን ብከፍት ልብሴ የለም። አውጥታ በቦታው ሁለት ባለ አሥር ሊትር ጀሪካን ጸበል አስገብታበታለች። «ልብስ እዚያም ይገዛል» አለች። ከዚያ እጄን ይዛ፣ «አደራዎን፣ መሬት ላይ እንዳያስቀምጡት» አለችኝ። ሚኒባሱ ሲነሣ ዞሬ አየኋት። ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ቆማ ነበር። እጇን አላወዛወዘችም።

ዊኒፔግ አውሮፕላን ጣቢያ ላይ አንድ ረዥም ፈታሽ ሻንጣዬን ከፈተ። በራዲዮ የተማርሁትን እንግሊዝኛ ያኔ ነው የሞከርሁት።

«ይህ ምንድን ነው?»

«ውኃ።»

«ሃያ ሊትር ውኃ! እዚህ ውኃ የሌለ መሰለህ?»

«አለ። የእናንተ ግን አይፈውስም።»

«መድኃኒት ነው ማለት ነው?» ብሎ እስክሪብቶውን አነሣ።

«መድኃኒት አይደለም።»

«ታዲያ ምንድን ነው?»

«ነገርሁህ እኮ፣ ውኃ።»

ከፍቶ አሸተተው፤ ጓደኛውን አየው፤ ከዚያ ሻንጣውን ራሱ ዘጋልኝና «ዌልካም ቱ ካናዳ» አለኝ።

ስለ ብርዱ ብዙ አልልም። የላስታን ውርጭ የማውቅ ሰው ነኝ፤ የእኛ ውርጭ ግን ፀሐይ ስትወጣ ያፍራል፤ የዚህኛው ፀሐይ እያየችው ይብሳል። ዳቦው ሲጨብጡት እፍኝ አይሞላም። ሰዉም ሊፍት ውስጥ ከጎንህ ቆሞ ቁጥሩን ያያል እንጂ እንደምን አደርህ አይልም። የእኛን አገር ሰላምታ፣ ሚስትን፣ ልጅን፣ ከብቱን ሁሉ አንድ በአንድ የሚጠይቀውን፣ ለራሴ በመስኮት እያየሁ የደገምሁበት ቀን ብዙ ነው።

ሰናይት ሥራ ስትውል እኔ ከኮምፒውተሩ ጋር እውላለሁ። እሱ በእኔ ክፍል ነው፤ ኢንተርኔቱን የሚረጨው ራውተር ደግሞ ሳሎን ካለው መደርደሪያ ከላይኛው እርከን ላይ። ከቤቱ ከፍ ያለው ቦታ ያ ስለሆነ ጸበሉን እዚያው አስቀመጥሁት። ሁለቱን ጀሪካን ጎን ለጎን አቁሜ፣ ንጹሕ ነጠላ አልብሼ፣ ራውተሩን ወደ ኋላ ገፋ አደረግሁት። ባለ አደራ ነኝና ደስ አለኝ።

ላሊበላ በኩል ያለው ጌቱ ነው። ሃያ ዓመት ረዳቴ የነበረ፣ አሁን ሱቄን የያዘ፣ የልጆች አባት። በየእሑዱ በእነሱ ከሰዓት በኋላ፣ በእኔ ማለዳ፣ ጥሩወርቅ ሱቁ ትመጣለች። ጌቱ የቆዳ ጠፍር ወንበሬን ኮምፒውተሩ ፊት ያደርግላታል። ቤታችን ኔትወርክ አይደርስም፤ ከነፋስ ይከልላል ብዬ ከገደሉ ሥር የሠራሁት እኔው ነኝ።

የመጀመሪያው እሑድ ፊቷ መጣ፣ ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ፣ ቀጥ አለ። «አያ—» አለችና ተቆረጠ። ሁለተኛውም እንደዚያው። ራውተሩን አጥፍቼ አበራሁት። የኮምፒውተሩን የዋይፋይ መቀበያ ነቅዬ ተከልሁ። የይለፍ ቃሉን እንደ አዲስ አስገባሁ። ኮምፒውተሩን ከመስኮቱ ወደ አልጋው፣ ከአልጋው ወደ በሩ አዘዋወርሁት። የኢንተርኔት ድርጅቱ ዘንድ ስደውል አንዲት ልጅ «አጥፍተህ አብርተኸዋል?» አለችኝ። እኔን! ስልኩን ዘጋሁባት።

ከራውተሩ ገመድ ስቤ በግድግዳው ለማሳለፍ አሰብሁና የቤቱን ባለቤት ሚስተር ቦብን ጠየቅሁት።

«ቀዳዳ የለም» አለ።

«አንዲት ቀዳዳ፣ ለአንዲት ገመድ።»

«ቀዳዳ የለም።»

«ሚስተር ቦብ፣ በእኔ አገር ሙሉ ቤተ ክርስቲያን ከአንድ አለት ፈልፍለው አውጥተዋል።»

ትንሽ አሰበና፣ «ተከራዮች አልነበሩም ማለት ነው» አለኝ።

ወሩ ሲያልፍ ብይን ሰጠሁ። በእኔ በኩል አገሩ ሠልጥኗል፤ ዕቃው አዲስ ነው፤ ግድግዳው እንኳ እንጨትና ጄሶ ነው። በእነሱ በኩል ግን ዙሪያው ድንጋይ ነው። ድንጋይ ሞገድ እንደሚያግድ ደግሞ ከልጅነቴ አውቃለሁ። ስለዚህ ጥፋቱ ከላሊበላ ነው።

«ጌቱ፣ ሱቁ ተከልሏል» አልሁት በስልክ ደውዬ። «ሞባይልህን ይዘህ በአሸተን መንገድ ወደ ገላጣው አውጣት።»

«ጋሼ፣ እዚህ እኮ ለሌላው ሰው በደንብ ይሠራል። አንድ ደንበኛ አሁን ከዱባይ ጋር ሲያወራ ነበር።»

«ይሄን ሥራ ማን አስተማረህ?»

ጥሩወርቅ ከጎኑ ሆና ሰምታለች። ጉልበቷን ያማታል፤ ሽቅብ ስትሄድ ትንፋሽ ያጥራታል። «እሳቸው ካሉ ይሆናል፤ ሥራቸው ነው» አለችው።

በየእሑዱ ትንሽ ትንሽ ከፍ አደረግኋት። አንድ ጊዜ ምስሉ ለአፍታ ጠራና ድንጋይ ላይ ተቀምጣ፣ በትሯን ጭኗ ላይ አጋድማ፣ ደረቷ ሲነሣና ሲወድቅ አየሁ። «ታየሁዎት?» አለች። ታየሽኝ ልል ስል ሄደች። «ትንሽ ከፍ በሉ» ብዬ ለጌቱ ጻፍሁለት። ይህን ቃል እኔ ነኝ የጻፍሁት።

ሐምሌ ገባ። በአንዱ እሑድ መንገድ ላይ ዝናብ አገኛቸው። ጌቱ «እንመለስ» ቢላት «ይጠብቁኛል» ብላ ወጣች። ያን ዕለት የደረሰኝ የዝናብ ድምፅ ብቻ ነው። በሚቀጥለው እሑድ ጌቱ ብቻውን መጣ። የሳንባ ምች ነው አለኝ፤ ጤና ጣቢያ ታይታ ቤት ተኝታለች።

በዚያው ሳምንት አንዲት የሰናይት ባልደረባ፣ የጎንደር ሰው፣ ታምማ ጸበል ፈልጋ ላከችብኝ። ክፍሌ ውስጥ ኮምፒውተሩ ከኢንተርኔት መዝሙር ይዟል፤ እንደ ወትሮው በየቃሉ እየተቆራረጠ። ከአንዱ ልቀዳላት ሁለቱንም ጀሪካን አወረድሁና ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ አኖርኋቸው። መዝሙሩ መቆራረጡን ተወ። ጆሮዬን አላመንሁትም። ቀድቼ ስጨርስ መልሼ ሰቀልኋቸው፤ ተቆረጠ። አወረድኋቸው፤ ቀጠለ። እንደ ሥርዓቱ ሦስት ጊዜ ሞከርሁ፤ ሦስቱንም ያው ነው። ውኃ ሞገድ ይውጣል። ይህን ማን ያስተምረኛል? በእኛ አገር ሞገድ እስኪያግድ የሚጠራቀም ውኃ የት አለና!

ጀሪካኑን በእጄ እንደያዝሁ ወጥ ቤቱ ወንበር ላይ ተቀመጥሁ። ሰናይት ከሥራ ስትመጣ እንደዚያው አገኘችኝ።

«አባዬ፣ ምን ሆኑ?»

«ሠራሁት» አልኋት። «ከእኛ በኩል ነበር።»

ቆማ አየችኝ። ስለ እናቷ አንድ ነገር እንድትናገር ጠበቅሁ። ጀሪካኑን ከእጄ ተቀብላ ጠረጴዛው ላይ መለሰችውና ኮቷን ሳታወልቅ አጠገቤ ተቀመጠች።

እሑድ ጌቱ ሲቀርብ ፊቱ ላይ የበቀለው ሽበት እንኳ ይቆጠር ነበር። ነገርሁት። ሳልቆራርጥ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው ብዬ። በሕይወቴ ለረዳቴ እንዲህ ብዬ አላውቅም። «ንገራት» አልሁት። «በስልክህም ቅረጽና ፊቷን አምጣልኝ።»

ሄዶ በሚቀጥለው እሑድ ተመለሰ። አንገቱን ደፍቶ፣ «መቀረጹን እምቢ አሉ ጋሼ። ተኝቼ እንዲያዩኝ አልፈልግም አሉ» አለኝ።

«የነገርሁህንስ?»

«ነገርኋቸው። ሰምተው ሲጨርሱ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ።»

«ምን አለች?»

«‹ሲያወርዱት መሬት ላይ አላስቀመጡትም አይደል?› አሉኝ።»

እንግዲህ አገር ቤት ያላችሁ፣ እዚህም ያላችሁ፣ አያሌው በዚህ ዕድሜው ምን ሠራ ለምትሉ ይኸው። የቤቱን ኢንተርኔት ያለ ባለሙያ አስተካክያለሁ። ለጸበሉ ክፍሌ ውስጥ በምሥራቅ በኩል አዲስ መደርደሪያ በእጄ ሠርቻለሁ፤ ሚስተር ቦብንም አራት ቀዳዳ አስፈቅጃለሁ። ጸበሉ መሬት አልነካም፤ ይህንንም ልኬባታለሁ። ለጎረቤቶቼ ሁለት ራውተር ጠግኛለሁ። ሊፍት ውስጥ አንድ ሽማግሌ እንደምን አደርህ ማለት አስተምሬያለሁ። የመመለሻ ትኬት እንድትቆርጥልኝ ሰናይትን ጠይቄ፣ የደም ግፊቴን የሚያየው ሐኪም እስኪፈቅድ ጠብቅ ተብዬ እየጠበቅሁ ነው። በየእሑዱም ማለዳ ኮምፒውተሩን እከፍታለሁ። ከዚያ ወዲህ አንዴም ተቋርጦብኝ አያውቅም። ጥሩወርቅ ከአልጋዋ ገና ባትነሣም፣ ጌቱ ወንበሩን አሁንም እቦታው ያደርገዋል፤ ምስሉም እጅግ ጠርቷልና፣ የመቀመጫውን ጠፍር አንድ በአንድ ቆጥሬ ጨርሻለሁ።