ጤነኛ የተባለው ጌሾ

ንጋት፣ ዮቪል

ጎህ ሳይቀድ፣ ሐበሻ በሞላበት የስደት ሰፈራችን፣ እትዬ ጽጌ በር ላይ ደረስኩ። በሚመጣው ሳምንት ልጃቸው ያገባል፤ ጠላውን ራሳቸው ሊጠምቁ ምለዋል። የሱቅ ጌሾ አያምኑም። አገር ቤት፣ ሰበታ ያሉት እህታቸው ከጓሯቸው ቆርጠው የላኩት ጌሾ ግን እዚህ አየር ማረፊያው መጋዘን ከገባ ሰነበተ። ዛሬ ካልተጠነሰሰ ለሰርጉ አይደርስም። እኔ የቢሮ ሰው ነኝና እንግሊዝኛ እንዳወራላቸው ተጠርቻለሁ።

ተባይና በሽታ የለበትም የሚለው የጌሾው የጤና ምስክር ወረቀት ዲጂታል ነው። ከአውሮፕላኑ ቀድሞ ገብቷል፤ ስልኬ ላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል። «ወረቀት ቀረ» ለማለት ስንት ስብሰባ ተቀምጦ፣ ስንት ምሳ ተበልቷል!

መንገድ ላይ

አውራ ጎዳናው በጠዋቱ ተዘጋግቷል። ሚኒባሶቹ በጥሩምባ ያደነቁሩናል፤ እኛ የአገሬው ሰዎች ማግዊኛ የሚሉትን ቦምቦሊኖ እየገመጥን እንጎተታለን። ሾፌራችን ሙላቱ አይቮሪ ፓርክ የሚባል ሰፈር ሱቅ የነበረው የሆሳዕና ልጅ ነው።

«ዲጂታል ካሉህ ሁለቴ ተሰለፍ ማለት ነው፣ ብራዘር» አለኝ።

ረፋድ፣ መጋዘኑ

መርማሪው ስልኬን አየት አደረገና «ኦርጅናሉስ?» አለ።

«ይኸው ነው እኮ። ዲጂታል ነው።»

«ማህተም የለውም። ፕሪንት አድርገህ አምጣ።»

ማተሚያ ስንፈልግ ዞረን ዞረን አሳትመን መጣን። ማህተም መታበት፤ በስልኩ ፎቶ አነሳው፤ ፎቶውን ኮምፒውተሩ ውስጥ ከተተና ወረቀቱን ቅርጫት ውስጥ ጣለው። ይህን ጥበብ የትኛው ዩኒቨርሲቲ እንደሚያስተምረው አላውቅም። ከዚያ ኔትወርክ ጠፋ።

ከሰዓት

ስክሪኑ በመጨረሻ አረንጓዴ በራ። «ኮንግራጁሌሽንስ፣ ማማ! ጤነኛ ነው» አለ መርማሪው።

ጆንያው ወጣ። ፈቃድ ሲጠብቅ ጣሪያው ሲያፈስበት ከርሟል፤ ግማሹ ሻግቷል፣ ግማሹ ረጥቦ ጠቁሯል። እትዬ ጽጌ አንድ እፍኝ ዘግነው በመስኮቱ ዘረጉለት።

«ያሽትተው በለው» አሉኝ።

ተረጎምኩ። አንገቱን ወደ ኋላ ሳበ። «ሲስተሙ ጤነኛ ነው ብሏል። ማሽተት የእኔ ሥራ አይደለም።»

ደረቱ ላይ «መርማሪ» የሚል ባጅ ተንጠልጥሏል። እኔ አፈርኩለት።

«እንግዲያው ሰርጉ ላይ ይምጣ በለው። የመጀመሪያውን ጣሳ እሱ ይጠጣል።»

ይህንንም ተረጎምኩ። ፊቱ በደስታ በራ። «ቴንክዩ ማማ! መቼ ነው?»

መመለስ

ዮቪል ስንደርስ እትዬ ጽጌ ከመኪናው አልወረዱም። ልጃቸው ጋ ደወሉ።

«ቢራ እዘዝ፣ ልጄ።»

ስለ ጠላው ጠየቃቸው መሰለኝ።

«ቢራ እዘዝ አልኩህ እኮ!» ብለው ጮኹበት። ስልኩን እኔ ላይ ወርውረው ስቅስቅ ብለው አለቀሱ።