ከዘንዶዋና ከጋሽ ወልዴ መሀል

ትናንት ልጄ በስልኳ የዘንዶ ቪዲዮ እያሳየችኝ፣ «አባዬ፣ በአካል አይተህ ታውቃለህ?» አለችኝ። ማየት ብቻ ቢሆን ደግ ነበር፤ አብሬ ውያለሁ እንጂ።

ቴፒ የባዮሎጂ መምህር ሆኜ በተመደብኩ በሁለተኛው ዓመት ነው። የቡና ለቀማው አልቆ፣ ፀሐይዋ ቆርቆሮ የምታቀልጥበት ወቅት። ቡና ነጋዴው ጋሽ ወልዴ፣ «ና እስቲ ጆንያ አግዘኝ» ብለው ከከተማው ወጣ ወዳለው መጋዘናቸው ወሰዱኝ። ከልጃቸው ከማርታ ጋር በድብቅ ወዳጅነት ከጀመርን ሰንብተናልና፣ እንደ ታማኝ ውሻ ተከተልኳቸው።

ገብተን ጥቂት እንደቆየን፣ ከደፉ ውጭ ካለ ጉድጓድ ዘንዶ ወጥታ በሩ ላይ ተጋደመች። ውፍረቷ የመብራት ምሰሶ፣ ርዝመቷ ከቴፒ እስከ ሚዛን ከተማ፤ ባጋንን ትንሽ ነው። መጋዘኑ መስኮት የለውም። ሙቀቱና የጀንፈሉ፣ ማለትም ከነልጣጩ የደረቀው ቡና፣ አቧራ ተባብረው አፈኑኝ።

«ምን ትጠብቃለች?» አሉ ጋሽ ወልዴ በሹክሹክታ።

ዕውቀቴን ላሳያቸው ጓጓሁ። «እንቁላሎቿ ጉድጓዱ ውስጥ ናቸው። ቀን ፀሐይ ትሞቃለች፤ ሲመሽ ገብታ በሙቀቷ ትታቀፋቸዋለች። አብዛኛው ተሳቢ እንቁላሉን ጥሎ ይሄዳል፤ የእሷ ዘር ግን በብዙ ዘመን ለውጥ መታቀፍን ለመደ። የሚያዛት ሆርሞኗ ነው። ምግብ እንኳ አያሰኛትም።»

«እንግዲያው ተራምደሃት ውጣ።»

«እኔ አንብቤዋለሁ፣ ጋሼ። እሷ ማንበቧን ግን እንጃ።»

አልሳቁም። ጆንያ ላይ ተደላድለው ተቀመጡ። «ወንዱስ የት ሄዶ ነው?»

«ወንዱማ ወቅቱ ሲደርስ የሴቷን ሽታ ተከትሎ ይመጣል። ከዚያ ይሄዳል።»

«ይሄዳል?»

«ተፈጥሮው ነው።»

«ከእኔ አጥር ጀርባ እየመጣ የሚያፏጨውስ? የእሱ ተፈጥሮ ምንድን ነው?»

ከፊቴ ዘንዶ፣ ከጎኔ ጋሽ ወልዴ። እውነት ለመናገር፣ የዋህ የመሰለችኝ ዘንዶዋ ናት።

«እሱ... አይሄድም» አልኩ። ድምፄ የጫጩት ሆነብኝ። «ማርታን ሊያገባት ነው የሚፈልገው።»

ከራስ እስከ እግሬ ቃኙኝ። አስተያየታቸው ከሙቀቱ ባሰ። ላቤ የተደገፍኩትን ጆንያ እያራሰ፣ እንደዚያው እንደተፋጠጥን ቀኑ አዘቀዘቀ።

ጥላው ደፉ ላይ ሲደርስ ዘንዶዋ ተጥመልምላ ጉድጓዷ ገባች። በሩ ነፃ ነው፤ የኔ እግር ግን ካልተፈቀደልኝ አልነሳም አለ። ጋሽ ወልዴ ልብሳቸውን አራገፉ።

«እሁድ ሽማግሌ ላክ» አሉ። «ፉጨቱ ግን ይብቃህ፤ ውሻዬን እንቅልፍ ነሳኸው።»

ተሳቢ ልማዱን ለመለወጥ ሚሊዮን ዓመታት ይፈጅበታል እያልኩ ዛሬም አስተምራለሁ። ጋሽ ወልዴ እኔን ለውጠው የጨረሱት በአንድ ከሰዓት ነው። ይኸው እስከ ዛሬ ከመሸ ውጭ መቆየት አያሰኘኝም። ማርታ ፍቅር ነው ትላለች፤ እኔ ሆርሞን ነው እላታለሁ።