ሄዘል ያልነገረችኝ ስብከት

ደንቆሮ ነኝ። "መስማት የተሳነው" ምናምን እያላችሁ አታሽሞንሙኑኝ። ዴዝመንድ እባላለሁ፤ እዚሁ ሰሜን አየርላንድ ባሕሩ ዳር፣ በትንሿ ከተማችን አደባባይ ቅዳሜ ቅዳሜ ዓሣ እሸጣለሁ። ወንድ የምወድ ወንድ መሆኔንም አገር ያውቀዋል፤ ከኢመን ጋር አንድ ቤት ነው የምንኖረው። እሱ ቅዳሜን የጭነት መኪናው ላይ ስለሚውል ገበያ ዝር አይልም።

ገበያ አብራኝ የምትውለው ታላቅ እህቴ ሄዘል ናት። ከልጅነታችን ጀምሮ ጆሮዬ እሷ ናት። ሐኪሙ ሲናገር፣ አባታችን ሲሳደብ፣ ደንበኛ ዋጋ ሲከራከር፣ ሁሉንም በእጇ ምልክት ትነግረኛለች። ትዳርም አልያዘች፤ እኔን ይዛ ቀረች። እሷን ያላመንኩ ማንን ላምን ነው?

ከጠረጴዛችን አጠገብ ፓስተር ሜርቪን ድምፅ ማጉያውን ተክሎ፣ አፉን በማይክ ሸፍኖ ይሰብካል። ብርድ ሲጠና ሻይ በወተት እወስድለት ነበር። "ምን እያለ ነው?" ስላት ሄዘል "ያው ስለ ኃጢአት ነዋ" ትለኛለች። ቀስ በቀስ ገበያዬ ቀዘቀዘ። "ሰዉን ምን ነካው?" ብላት "ዓሣ ተወደደባቸው" አለችኝ። አመንኳት፣ እኔ ሞኙ!

ባለፈው በልግ የከተማችን ወጣቶች ስብከቱን ቀድተው ፓስተሩን ለከተማው ምክር ቤት ከሰሱት። ከአደባባዩ ይባረርልን ነው የሚሉት። እሱ ደግሞ "የመናገር ነጻነቴ ነው" ብሎ ቀረበ። እኔም አጠገቡ ስለምሸጥ ለምስክርነት ተጠራሁ። የተቀዳ ስብከቱን ለምክር ቤቱ አዳራሽ አሰሙ። የሄዘል እጅ ትንሽ ተንቀሳቀሰና ቆመ።

"ምን አለ?"

"ስለ ኃጢአት።"

"የማን ኃጢአት?"

"የሁላችንም።"

አዳራሹ በሙሉ ግን የሚያየው እኔን ነው። አንዲት ሴትዮ አፏን በእጇ ያዘች። ደሜ ፈላ። "ሄዘል! አንዲት ቃል እንዳታስቀሪ!"

እያለቀሰች ነገረችኝ። "ያ ዓሣ ነጋዴ ርኩስ ነው። እጁ የነካውን አትብሉ። ልጆቻችሁን ከእሱ አርቁ።" በየሳምንቱ! ያውም የኔን ሻይ እየጠጣ!

የምክር ቤቱ ሰብሳቢ "እንግዲህ ስብከቱ ይከልከል ይላሉ?" ብለው ጠየቁኝ።

በእጄ መለስኩ፤ ሄዘል በድምጿ ተናገረችልኝ። "አፉን አትዝጉት። አፍ መዘጋት ምን እንደሆነ እኔን ጠይቁኝ። ስለ እምነቱ ያሻውን ይበል። ማጉያውን ግን ንጠቁት፤ በስምና በሥራ እየጠራም ሰፈር አያስነሳብኝ። ስለ እኔ የሚለው ካለው ፊቴ ቆሞ ይበል።"

የሜርቪን ፊት በርበሬ መሰለ። "ዴዝመንድ፣ በግል ምንም ቂም የለብኝም" አለኝ። ይቺን ራሴ ከከንፈሩ አነበብኳት።

"እሱን በማጉያው በለው!" አልኩት።

ምክር ቤቱ እንዳልኩት ወሰነ። ወጣቶቹ ግን ተቆጡኝ፤ አንዱማ "ለጠላትህ ጠበቃ ሆንክ" ብሎ ጽፎ ሰጠኝ። ውጭ ስንወጣ ሄዘል ክንዴን ያዘች። "እንዳትጎዳ ብዬ ነው" አለችኝ።

"ተጎዳሁ እኮ! ደንበኛዬ ሁሉ ሲሸሸኝ አልተጎዳሁም? እሱ ሰደበኝ፣ አንቺ ደግሞ መልሴን ቀማሽኝ።"

እስከ ቅዳሜ ተኳርፈን ሰነበትን።

ቅዳሜ ሜርቪን ባዶ እጁን መጣ። ሰው እንደ ጉድ ተሰብስቧል። ዓይኑን ከእኔ እያሸሸ ጀመረ፤ ሄዘልም ሳልጠይቃት መሃላችን ቆመችና እጆቿን አነሳች። ስሜን አልጠራም። ከወንድ ጋር በሚተኛ ወንድ ላይ ግን ርኩሰቱንም ገሃነሙንም አወረደበት፤ እሷም አንድ ሳታስቀር አወረደችልኝ። ልቤ ተቃጠለ፣ ምን እዋሻለሁ። አሜን እያሉ ያጨበጨቡለትም ነበሩ፤ ድሮ ዓሣ የሸጥኩላቸው።

ጨርሶ ሊሄድ ሲል ፊቱ ተደቀንኩ። እጄን አነሳሁ። ያቺ ድምጿ የማይሰማ እህቴ አደባባዩ እስኪደነግጥ ጮኸችልኝ፦

"ጨረስክ? እንግዲያው አሁን ደግሞ ቁምና አንተ ስማኝ!"